ከጣርማ በር ቁልቁል

እስካሁን በዚህ ጋዜጣ ላይ ከእኔ እጅ የወጣው ሁሉ ባለ ሁለት ረድፍ ነበር፤ ገቢና ወጪ። ውድ እህቶቼ፣ ውድ ደጋፊዎቻችን፣ በዚህ እትም ግን ስለ አንድ መንገድ እንድጽፍ ፍቀዱልኝ። ነገሩ የጀመረው ያው ከሒሳብ ነው። ባለፈው ጥቅምት ከሁለት የኮሚቴ አባላት ጋር ወደ ደብረ ሲና የሄድነው፣ እዚያ ቆሎ በመሸጥ የሚተዳደሩ እህቶች የቁጠባ ደብተራቸውን አብረን እንድናይላቸው ስለጠየቁን ነበር። ደብተሩን አየን፤ ስለ እሱ በኋላ እመለሳለሁ። ከጉዞው ስንመለስ ግን ሐሳቤ ሁሉ መንገዱ ላይ ቀረ። መንገዱን ማን እንደሠራው የሚናገር ሰው ሞልቷል። ከዳሩ ተቀምጠው ስለኖሩት ሴቶች የጻፈ ግን አላጋጠመኝም። ስለዚህ ያነበብኩትንና ከአያቴ የሰማሁትን አንድ ላይ አድርጌ ልሞክረው።

መንገዱን ለማታውቁት፣ ከአዲስ አበባ በለገጣፎ፣ በሰንዳፋ፣ በአለልቱ፣ በሸኖና በጫጫ አድርጎ ደብረ ብርሃን ድረስ 130 ኪሎ ሜትር ነው። ይህኛው ክፍል ሜዳ ነው። በጥቅምት ገብሱ መንጣት ይጀምራል፤ ማለዳ ላይ ውርጩ ሣሩን አልብሶት ይታያል፤ በየደጁ የኩበት ክምር፣ በየማሳው ጥግ ባህር ዛፍ። ደብረ ብርሃን ስሟን ያገኘችው በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን በሰማይ ላይ ታየ ከተባለው ብርሃን ነው፤ ለእኔ ትውልድ ግን የምትታወቀው በብርድ ልብሷ ነው። እዚያ ቁርስ በልተን ሹራባችንን ደርበን ቀጠልን።

ከደብረ ብርሃን ወደ ሰሜን መንገዱ ቀስ እያለ ሽቅብ ይወጣል፤ መውጣቱን ከሞተሩ ድምፅ በስተቀር የሚነግር የለም። አፋፉ ላይ ሲደርስ ግን ተሳፋሪ ሳያውቀው የሁለት ወንዞች ድንበር ላይ ቆሟል። በግራ በኩል የወረደው ዝናብ ወደ ጀማ፣ ከጀማም ወደ ዓባይ ይገባል፤ ግብፅ ድረስ የሚሄድ ውኃ ነው። በቀኝ በኩል የወረደው ደግሞ በሮቢና በሌሎች ወንዞች አድርጎ አዋሽ ይገባል፤ አዋሽም ባሕር ሳያይ አፋር ውስጥ ሐይቅ ሆኖ ይቀራል። ሾፌራችን ይህን ሲሰማ፣ «እንግዲህ እዚህ አፋፍ ላይ የተፋ ሰው ምራቁ የት እንደሚሄድ አያውቅም ማለት ነው» አለ።

ከዚያ ጣርማ በር ይመጣል። «በር» የተባለው በከንቱ አይደለም። ከ3,000 ሜትር በላይ የሆነ የተራራ ጠርዝ ነው፤ በአንድ በኩል ደጋው ያልቃል፣ በሌላው በኩል መሬቱ ገደል ሆኖ ይወርዳል። በመካከሉ ከግማሽ ኪሎ ሜትር ትንሽ የሚበልጥ ዋሻ አለ። ወደ ዋሻው ስንገባ ፀሐይ ነበር፤ ስንወጣ ጉም። መኪናው መብራቱን አብርቶ፣ ጡሩምባውን እየነፋ እንደ ዓይነ ስውር እየዳበሰ ወረደ። ጥቂት ጥምዝ ካለፍን በኋላ ጉሙ ተገለጠና ታች ያለው አገር ሁሉ ወለል ብሎ ታየ፦ የእርከን እርሻ፣ በየሸንተረሩ ላይ የተቀመጠ የሣር ቤት፣ የወፍ ዋሻ ደን ጥቁር ጥድ፣ ከዚያም ታች ቀወት፣ ከቀወት ባሻገር ወደ አፋር የሚሄደው ቢጫ ሜዳ። መንገድ ዳር ጭላዳዎች ሣር ይነጫሉ፤ መኪና ከምንም አይቆጥሩም። ደብረ ሲና ከአዲስ አበባ 190 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ከእሷ ወርዶ ሸዋ ሮቢት ሲደርስ ከፍታው ወደ 1,300 ሜትር ገደማ ይሆናል። በአንድ ሰዓት ጉዞ ሹራብ ተወልቆ መስኮት ይከፈታል፤ ገብሱ ቀርቶ ማሽላ፣ ማሾ፣ ሽንኩርትና ማንጎ ይመጣል። እኔ በበኩሌ ጥምዝ ሲበዛ ያዞረኛል፤ ግማሹን ቁልቁለት የወረድኩት ሎሚ እያሸተትኩ ነው።

አያቴ ይህንኑ ቁልቁለት በእግሯ ነበር የምትወርደው። የመንዝ ልጅ ነች። ከማግባቷ በፊት ከእናቷ ጋር ገብስ ተሸክማ ወደ ደብረ ሲና ገበያ ትወርድ እንደነበር፣ ጨውና በርበሬ ይዛ ትመለስ እንደነበር ስትነግረን ትዝ ይለኛል። «ስንወርድ ጉልበታችን፣ ስንወጣ ልባችን ይታመም ነበር» ትል ነበር። አህያ የነበረው ሰው በአህያ፣ ያልነበረው በጀርባው። ጀርባው የማን እንደሆነ ለእናንተ መንገር አያስፈልገኝም።

ታሪኩ ከእሷም በፊት ይጀምራል። ቀድሞ ከዚህ ደጋ ወደ ቆላውና ወደ ባሕሩ የሚያወርደው ዋናው በር ጣርማ በር አልነበረም፤ ከደብረ ብርሃን በስተምሥራቅ ያለው አንኮበር ነበር። የሸዋ ነገሥታት መቀመጫ የነበረችው አንኮበር ከአፋፉ ላይ ሆና የሚገባውንና የሚወጣውን ታያለች፤ ከሥሯ አልዩ አምባ የሚባለው ገበያ ከታጁራና ከዘይላ የሚመጣውን ቅፍለት ይቀበላል። ጨው፣ ጨርቅና መሣሪያ ይወጣል፤ ቡና፣ የዝሆን ጥርስና ባሪያ ይወርዳል። በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘመን፣ በ1830ዎቹ፣ ወደ አንኮበር የመጡ የውጭ አገር ሰዎች ስለ ንጉሡ ግብርና ስለ ገበያው ብዙ ጽፈዋል። ከጻፉት ውስጥ ዓይኔ የሚያርፈው በግቢው ውስጥ እህል ስለሚፈጩት፣ ጠጅ ስለሚጥሉትና ጥጥ ስለሚፈትሉት እጅግ ብዙ ሴቶች ያነሱት ነገር ነው፤ ከነዚያ ውስጥ ባሪያዎችም ነበሩበት። የአንዳቸውም ስም አልተጻፈም። ግብሩ ግን ያለ እነሱ ወፍጮ አንድ ቀን አይውልም ነበር።

አንኮበርን ጠላት አላፈረሳትም፤ መንገዱ ነው የተዋት። ምኒልክ መቀመጫቸውን ወደ እንጦጦ፣ ከዚያም ወደ አዲስ አበባ አዞሩ። በ1909 ዓ.ም. ባቡር ከጅቡቲ አዲስ አበባ ገባ። ንግዱ ሐዲዱን ተከትሎ ሄደ፤ ቅፍለቱ ቀረ፤ አልዩ አምባም ትልቅነቷን አጣች። ይህን ነገር ያዙልኝ፣ ኋላ ያስፈልገናል።

መኪና ሲመጣ ጣርማ በርን መረጠ። አሁን ብዙ ሰው፣ ሾፌራችንም ጭምር፣ «ይህ የጣሊያን መንገድ ነው» ይላል። ዋሻውና የድንጋይ ሥራው እውነት ነው፣ የእነሱ ነው። ነገር ግን ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ በመኪና የሚያስኬድ መንገድ ጣሊያን ከመምጣቱ በፊት በአገሩ ሰው እጅ ተቆርጦ ነበር። ሸካራ ነበር፣ በዝናብ የሚዘጋ ነበር፤ ግን ነበር። ዐፄ ኃይለ ሥላሴ በኅዳር 1928 ዓ.ም. ወደ ደሴ የጦር ሰፈራቸው የሄዱት በዚሁ በኩል ነው። ከአምስት ወር በኋላ ያው መንገድ በተቃራኒው ጠላትን አመጣ። ማርሻል ባዶሊዮ ሚያዝያ 18 ቀን 1928 ዓ.ም. ከደሴ የተነሣው ከሺህ በላይ መኪና አስከትሎ ነበር። ያን ሁሉ መኪና ያቆመው ጣርማ በር ነው። ወገን መንገዱን አፍርሶት ስለነበር ዓምዱ ከአንድ ቀን በላይ ተገትሮ፣ ድንጋይ ሲሞላና ካሚዮን ሲገፋ ዋለ፣ አደረ። ከሆለታ ጦር ትምህርት ቤት የወጡ ወጣቶችም ከተከላካዮቹ መካከል ነበሩ። ሚያዝያ 27 ጠላት አዲስ አበባ ገባ። በየዓመቱ ሚያዝያ 27ን ስናከብር ይህ ገደል አንድ ቀን ተኩል እንኳ መታገሉን የሚያነሣልኝ ሰው ቢኖር ደስ ይለኛል።

ወራሪው ወዲያው መንገድ መሥራት ጀመረ። ከአሥመራ እስከ አዲስ አበባ የሚዘልቀውን ጎዳና አሰፋ፣ ጣርማ በርን በዋሻ በሳ። ከጣሊያን የመጡ ሠራተኞች ነበሩበት፣ ኤርትራውያን ነበሩበት፣ የአገሩም ሰው ድንጋይ ፈለጠ። መንገዱ የተሠራው ገበያተኛ እንዲመቸው አልነበረም፤ ወታደር በቶሎ እንዲደርስ ነው። የሚደርሰው የት ነው ቢባል፣ በዙሪያው ያሉት ተራሮች ላይ። ራስ አበበ አረጋይና ሌሎች አርበኞች በመንዝ፣ በአንኮበርና በቡልጋ በኩል ጠላትን እንቅልፍ ነሥተውት ነበር። በ1931 ዓ.ም. የጣሊያን ጦር በመንዝ በኩል ዘረት በተባለ ስፍራ አንድ ዋሻ ከበበ። ዋሻው ውስጥ የነበሩት ከአርበኞቹ ኋላ የሚከተሉት ናቸው፤ ቁስለኞች፣ ሽማግሌዎች፣ ብዙ ሴቶችና ሕፃናት። ጠላት በመርዝ ጋዝ መታቸው፤ የተረፉትን ወንዶች ረሸነ። የሞቱት በመቶዎች የሚቆጠሩ ናቸው። ነገሩ ለብዙ ዓመታት በመጽሐፍ ሳይገባ ኖሮ፣ ኋላ የጣሊያን ወታደራዊ ሰነድ ሲገለጥ ነው የታሪክ ሰዎች ዋሻው ድረስ ሄደው አጥንቱን ያዩት። የአካባቢው ሰው ግን ምን ጊዜም ያውቅ ነበር። አያቴ ስለ ዘረት ስትጠየቅ መልሷ አጭር ነው፦ «እዚያ ዋሻ በጎች አንነዳም ነበር።»

ስለዚህ በአንድ ዘመን፣ በአንድ አገር፣ ሁለት ዋሻ አለ። አንደኛውን በየቀኑ በአውቶቡስ እናልፍበታለን፣ «ጣሊያን ጎበዝ ነው» እያልን። ሁለተኛው ብዙዎቻችን ስሙን አልሰማንም። የድንጋዩን ሥራ አላቃልልም፤ እስከ ዛሬ ያገለግላል። ግን እንደ ሒሳብ ሠራተኛ ንብረቱን ብቻ መዝግቦ ወጪውን የሚተው መዝገብ ሲያጋጥመኝ አልፈርምም።

ከነጻነት በኋላ መንገዱ ተሰነጣጠቀ። የጣሊያን አስፋልት ጠጋኝ አጥቶ ነበር። በ1943 ዓ.ም. የኢትዮጵያ መንግሥት ከዓለም ባንክ ለመንገድ 5 ሚሊዮን ዶላር ተበደረ። ባንኩ ለአፍሪካ አገር ካበደረው ሁሉ የመጀመሪያው ይህ የዚያ ዓመት ብድር ነው። የአውራ ጎዳና ባለሥልጣንም የተቋቋመው በዚያው ዓመት ነው። ይህን ሳነብ እንዴት ደስ እንዳለኝ ልነግራችሁ አልችልም፤ የአፍሪካ የመጀመሪያ ብድር የሄደው ለመንገድ ጥገና መሆኑን እኔ በኮሌጅ ሳለሁ ማንም አላስተማረኝም። አዲስ ነገር ከመሥራት ያለውን መጠገን፣ ይህ ለማኅበራችን ጽሕፈት ቤት ጣሪያም የሚያስፈልግ አስተሳሰብ ነው።

አውቶቡስ በደንብ መሄድ ሲጀምር ደብረ ሲና ተለወጠች። ከአዲስ አበባ ማለዳ የተነሣ መኪና አፋፉን ወርዶ ፍሬኑ እንዲቀዘቅዝ እዚያ ይቆማል፤ ከደሴ የመጣውም ሽቅብ ከመውጣቱ በፊት ውኃ ይጨምራል። መኪና ሲቆም ሰው ይራባል። ሴቶቹ ቆሎ ይዘው ወጡ። ማን እንደጀመረች አይታወቅም፤ ብጠይቅም እያንዳንዷ የራሷን አያት ነው የምትነግረኝ።

ስለ ቆሎው ትንሽ ልዘግይ፣ ምክንያቱም ሥራው ከውጭ ሲታይ ቀላል ስለሚመስል ነው። ገብሱ ከላይ፣ ከደጋው ይወርዳል። ሰነፍ ቆሎ የሚባለው ገለባ የሌለው የገብስ ዓይነት ከተገኘ ደግ፣ ካልተገኘ ሌላው ገብስ ውኃ ተርከፍክፎበት በሙቀጫ ይፈተጋል፣ ይሰጣል፣ ይበጠራል። ከዚያ ምጣድ ላይ ይታመሳል። እሳቱ ከበዛ ያርራል፣ ካነሰ ጥርስ ይሰብራል። ሽምብራው ለብቻው፣ ስንዴው ለብቻው፣ ሱፉ ለብቻው ይታመሳል፤ አብሮ የሚታመስ ነገር የለም፤ የሚገናኙት ከቀዘቀዙ በኋላ ነው። ሽምብራና ሱፉ ከበታች፣ ከወይና ደጋው ይመጣል። ኦቾሎኒው «እንግዳ ነው፣ መኪና ያመጣው» አሉኝ። ደብረ ሲና በደጋና በቆላ መካከል ባትሆን ይህ ድብልቅ አይገኝም ነበር። ላይ ላይ ያለው መንገደኛ መልክዓ ምድሩን በመስኮት ያየዋል፤ እነሱ በስኒ ሰፍረው ይሸጡለታል።

ያነጋገርኳቸው እትዬ ዕድሜያቸው ከስልሳ በላይ ነው፤ በልጅነታቸው ከእናታቸው ጀርባ ሆነው ነው የጀመሩት። ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ተነሥተው ምጣድ ይጥዳሉ። «ጭሱ ዓይኔን በላው፣ ልጆቼን ግን አስተማረ» አሉኝ። የ1966ቱን ረሃብ ያስታውሳሉ። ከወሎ የወረዱ ሰዎች በዚህ ጎዳና ዳር ቆመው መኪና እያስቆሙ ምግብ ይለምኑ ነበር። ያን ረሃብ አገር ያወቀው ዘግይቶ ነው፤ መጀመሪያ ያዩት በመንገዱ ያለፉ መንገደኞችና ከዳሩ የተቀመጡ እንደ እሳቸው እናት ያሉ ናቸው። «እናቴ በስኒ አትሰፍርም ነበር ያኔ፤ በእፍኝ ትሰጥ ነበር። ኋላ ምጣዱም ባዶ ሆነ» አሉ። ከመንገዱ የራቀው ረሃብተኛ ምን እንደሆነ ጠየቅኋቸው። እጃቸውን ወደ ተራራው ዘርግተው ዝም አሉ።

መንገዱ ሌላም ጊዜ ከድቷቸዋል። ወደ አሰብ የሚሄዱት ከባድ መኪናዎች አንድ ወቅት በዚህ ይወርዱ ነበር፤ የአዋሽና ሚሌ መንገድ በአፋር ሜዳ ሲዘረጋ ሾፌሮቹ ሜዳውን መረጡ። ማን ይፈርድባቸዋል? ፍሬን የሚያቃጥል ቁልቁለት ትቶ ሜዳ የማይመርጥ የለም። የአውቶቡሱ ገበያ ግን ቀረላቸው። ከዚያ በኅዳር 2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ሸዋ ሮቢትንና ደብረ ሲናን ደረሰ። ከዚያም ወዲህ በጸጥታ ምክንያት መኪና የሚቀርባቸው ቀኖች ብዙ ናቸው።

እንግዲህ ወደ ደብተሩ። ንጹሕ ደብተር ነው፤ መስመሩ በማስመሪያ የተሠመረ፣ እያንዳንዷ ባስገባች ቀን ትፈርማለች፣ መጻፍ የማትችለው ጣቷን ታስነካለች። እንዲህ ያለ ደብተር አዲስ አበባ ውስጥ ባገኝ በደስታ እጨፍር ነበር። ገጹን ሳገላብጥ አንድ ቦታ ላይ ቀኑ ተጽፎ ገንዘቡ ያልተጻፈበት ረድፍ አገኘሁ፤ ከሥሩም ሌላ፣ ከሥሩም ሌላ። በልማዴ ቀይ እስክሪብቶዬን አውጥቼ «ይህ ለምን ባዶ ሆነ?» ስል ጸሐፊዋ፣ ገና ወጣት ልጅ ነች፣ «መንገዱ ተዘግቶ ነበር፣ እህቴ። ግን ስብሰባ አልቀረንም። የተሰበሰብንበትን ቀን ጽፈናል» አለችኝ። እስክሪብቶዬን ከደንኩ። ባዶውን ረድፍ አላስሞላሁም፣ አላስሰረዝኩም። ያ ደብተር በቀን በቀኑ የተጻፈ የጣርማ በር ታሪክ ነው፤ መኪና ያለፈበትና ያላለፈበት ቀን ሁሉ አለበት።

ለመሄድ ስንነሣ እትዬ ሸኙን። ስለ አንኮበርና ስለ አልዩ አምባ ያነበብኩትን፣ ባቡር መጥቶ ገበያውን እንዴት እንደወሰደው ነግሬያቸው ነበርና ያ ነገር ሲከነክናቸው እንደዋለ አየሁ። ከአዋሽ ተነሥቶ በኮምቦልቻ አድርጎ ሐራ ገበያ ድረስ በቆላው በኩል ስለተዘረጋው ሐዲድ ሰምተዋል።

«ልጄ፣ እዚያ ባቡር ላይ የሚሄደው ሰው ነው ዕቃ?» አሉኝ።

«ሁለቱም ሳይሆን አይቀርም፣ እትዬ።»

«ይቆማል?»

«ጣቢያ ሲደርስ ይቆማል።»

ትንሽ አሰቡ። «ጣቢያው የት እንደሆነ አጣርተሽ በስልክ ንገሪኝ» አሉና ወደ ምጣዳቸው ተመለሱ።

ገና አጣርቼ አልጨረስኩም። ሁለት ኪሎ ቆሎ ገዝተን ለጽሕፈት ቤቱ ሠራተኞች አምጥተናል፤ ደረሰኝ ስለሌለው ሒሳቡ ከኪሴ ነው።